እናት የሰጡት ፈረስ

በኢጣሊያ አገር ሉጎ በምትባል ከተማ፥ ሻለቃ ፍራንቼስኮ ባራካ የተወለዱበት ቤት ዛሬ ቤተ መዘክር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአይሮፕላን ሲዋጉ የሞቱት የኚህ መኰንን የደንብ ልብስ፥ ኒሻኖችና ደብዳቤዎች በዚያ ይታያሉ፤ በዘመኑ የተሠራ፥ ከእንጨትና ከሸራ የሆነ ስፓድ አይሮፕላንም አለ። ይሁን እንጂ ከሟቹ መታሰቢያ ሁሉ ይልቅ በዓለም የታወቀው ከቤቱ የወጣው ነው፤ እርሱም በአይሮፕላናቸው ጎን ተሥሎ የነበረው በኋላ እግሮቹ የቆመ ፈረስ ነው።

ባራካ በ1888 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ተወለዱ። ለኮንቴ ኤንሪኮና ለኮንቴሳ ፓኦሊና ብቸኛ ልጅ ነበሩ። መጀመሪያ የፈረሰኛ ጦር መኰንን ሆኑ፤ በ1912 ወደ ፈረንሳይ ሄደው በረራ ተማሩ። በዚያ ጊዜ የተዋጊ አይሮፕላን ነጂ ብቻውን ተቀምጦ፥ ፊቱን ነፋስ እየገረፈው፥ ያለ ፓራሹት ይዋጋ ነበር። ሚያዝያ 1916 የመጀመሪያውን የኦስትሪያ አይሮፕላን ጣሉ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም የተቈጠረላቸው ድል 34 ደረሰ፤ ከኢጣሊያ ነጂዎች የሚበልጣቸው አልነበረም። የቀድሞ ክፍለ ጦራቸው ምልክት ፈረስ ስለ ነበረ እርሱኑ በአይሮፕላናቸው ላይ አሣሉት። ፈረሰኛው ወደ ሰማይ ቢወጣም ፈረሱን አልተወም ማለት ነው።

ሰኔ 1918 በሞንቴሎ ኮረብታ ላይ ዝቅ ብለው የጠላትን ምሽግ ሲመቱ ወደቁ። አስከሬናቸው ከጥቂት ቀን በኋላ ከተቃጠለው አይሮፕላን አጠገብ ተገኘ። ዕድሜያቸው 30 ዓመት ነበር፤ ጦርነቱም አምስት ወር ሳይሞላ አበቃ።

በ1923 በራቬና በተደረገ የአውቶሞቢል እሽቅድምድም ኤንዞ ፌራሪ የሚባሉ የ25 ዓመት ነጂ አሸነፉ። በዚያ ከሟቹ አባት ጋር ተዋወቁ፤ በእርሳቸውም በኩል ከእናቲቱ ጋር። ፌራሪ በኋላ እንደ ተረኩት፥ ኮንቴሳዋ የልጃቸውን ፈረስ በመኪናዎቹ ላይ እንዲያደርጉት፥ መልካም ዕድልም እንደሚያመጣላቸው ነገሯቸው።

ነጋዴ የሆነ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም፤ በጨርቅ ጥቅልና በሻይ ሣጥን ላይ የሚታተም ምልክት ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያወጣ ያውቃልና። በፌራሪ ትረካ ውስጥ ግን ስለ ዋጋ የተነገረ አንድም ቃል የለም። የወታደር ልብስ በሣጥን ሊቀመጥ ይችላል፤ ይህ ፈረስ ግን በሚሮጥ ነገር ላይ ካልሆነ ለምን ይሆናል? እናቲቱ ይህን ሳያስቡት አልቀሩም።

ፌራሪም አልቸኰሉም። ዘጠኝ ዓመት ቈይተው በ1932፥ በቤልጅግ አገር በስፓ በተደረገው የ24 ሰዓት ውድድር፥ ቡድናቸው ባሰለፋቸው የአልፋ ሮሜዮ መኪናዎች ላይ ምልክቱን አወጡት። በ1947 በገዛ ስማቸው መኪና መሥራት ሲጀምሩም እርሱኑ ያዙ። የፈረሱን ጥቁርነት አልለወጡም፤ በስተኋላው የከተማቸውን የሞዴናን ቢጫ ቀለም ጨመሩ። የባራካ ፈረስ ጅራት ወደ ታች የወረደ ነበር፤ የፌራሪው ግን ሽቅብ ተነሣ።

ወላጆቹ በእጃቸው ጽፈው የሰጡትን የባራካን ፎቶግራፍ ፌራሪ ለማንም አላሳለፉትም። በ1985፥ በ87 ዓመታቸው፥ በጻፉት ደብዳቤ ፎቶግራፉ ገና በእርሳቸው ዘንድ እንዳለ ገልጠዋል።