ክሊራንስ የማይደርስበት ንብረት

ደሴ በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. በህወሓት ኃይሎች እጅ በቆየችባቸው ሳምንታት የከተማዋ ሪፈራል ሆስፒታል ተዘረፈ። መሣሪያው ተጫነ፤ መድኃኒቱ ተወሰደ። ተጭኖ ያልሄደው ሐኪሙና ነርሷ የሚያውቁት ነበር።

ይህን ንብረት የትኛውም ቆጠራ አያገኘውም። መሥሪያ ቤት የሚለቅ ባለሙያ ክሊራንሱን ይዞ ከክፍል ክፍል ይዞራል፤ ኮምፒዩተሩን ለንብረት ክፍል ያስረክባል፣ ፋይናንስ ዕዳ እንደሌለበት ይፈርምለታል። በአሥር ዓመት ያካበተውን ዕውቀት ግን የሚረከበው የለም።

ኦስትሪያ የተወለደው ፒተር ድራከር እ.ኤ.አ. በ1959 «የዕውቀት ሠራተኛ» የሚለውን ስያሜ ሲያስተዋውቅ ይህንኑ አይቶ ነበር። እንዲህ ያለው ሠራተኛ ዋና መሣሪያውን ጭንቅላቱ ውስጥ ይዞ ማታ ቤቱ ይገባል። ስለ ሥራውም ከአለቃው የበለጠ ያውቃል፤ ስለዚህ ቆሞ የሚቆጣጠረው ሳይሆን «ሥራህ በትክክል ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው አለቃ ያስፈልገዋል።

ከደሴ ቁልቁል ሲወረድ ኮምቦልቻ ነው። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. እዚያ እንደተመረቀው ባለ የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ በልብስ ፋብሪካ ውስጥ በሰዓት ስንት ቁራጭ እንደተሰፋ መቁጠር አይከብድም። የስፌት መኪናውን ድምፅ ሰምቶ ብልሽቱን የሚለየውን መካኒክ ግን በምን ይቆጥሩታል? ጸጥ ብሎ የተቀመጠበት ቀን ሥራውን በደንብ የሠራበት ሊሆን ይችላል።

ኢትዮጵያ የአሠራር መርሕ አጥታ አይደለም። ቢፒአር (የሥራ ሂደት መሠረታዊ ለውጥ) መጣ፣ ቢኤስሲ (ሚዛናዊ የውጤት መለኪያ) ተከተለ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ከሦስቱ ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው ካይዘን ነው፤ ማሻሻያው ሥራውን ከሚሠራው ሰው እንዲመጣ ይጠይቃልና። ችግሩ ብዙ ቢሮ ውስጥ ከግድግዳ ማስታወቂያ አለማለፉ ነው። ቢኤስሲም ቢሆን የሪፖርት ብዛት መቁጠሪያ ሲሆን፣ ማንም ያላነበባቸውን አራት ሪፖርቶች የጻፈ ባለሙያ ሙሉ ነጥብ ያገኛል።

የተሻለው አብነት ከዚያው ከሆስፒታሉ ዓለም ይገኛል። በማስተማሪያ ሆስፒታሎች ጠዋት ጠዋት «ሞርኒንግ» አለ። ሌሊት ተረኛ የነበረው ቡድን ማን እንደተኛ፣ ማን እንደሞተ፣ ምን እንደተወሰነ ያቀርባል፤ አንጋፋዎቹ «ለምን?» እያሉ ያፋጥጡታል። ላብ የሚያስጠምቅ ጥያቄ ነው። ነገር ግን የአንዱ ሌሊት ስሕተት ቁርስ ሳይደርስ የሁሉም ትምህርት ይሆናል። የማዘጋጃ ቤት መሐንዲሶች ወይም የባንክ ብድር ባለሙያዎች በሳምንት አንዴ እንኳ እንዲህ ቢቀመጡ ምን ይከለክላቸዋል?

ዕውቀትን እንዲህ ተቀምጦ መቀባበል ደሴ ላለችበት ለወሎ እንግዳ አይደለም። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተምሩ ነበር። ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ፣ ኋላ ደብረ ሊባኖስን የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት፣ ከመምህራቸው ሥር ዓመታት ተቀምጠዋል። ዛሬ ግን በዝውውር የመጣ ባለሙያ የመሳቢያ ቁልፍና የይለፍ ቃል ተቀብሎ በማግስቱ ሥራ ይጀምራል።