መዓዛማ ዘይቶች ለአካልና ለአእምሮ፦ የሚያደርጉትና የማያደርጉት

በቡልጋሪያ የካዛንላክ ሸለቆ 1 ኪሎ ግራም የጽጌረዳ ዘይት ለማውጣት ከ3 ቶን በላይ አበባ ይለቀማል። በገበያ ስማቸው ኤሴንሻል ኦይል የሚባሉት መዓዛማ ዘይቶች ጥቅማቸውም ጉዳታቸውም የሚመነጨው ከዚህ ክምችት ነው። ይህን ያህል የተጠናከረ ነገር ደግሞ እንደ ሽቶ ብቻ ሊታይ አይገባም። ስለ ማንኛውም መድኃኒት የምንጠይቀውን ስለ እሱም መጠየቅ አለብን፦ የትኛው ዘይት? በየት በኩል? በምን ያህል መጠን? ለየትኛው ሕመም?

ዘይቱ እንዴት ይገኛል?

መዓዛማ ዘይት እንደ ኑግ ወይም እንደ ሰሊጥ ዘይት ቅባት አይደለም፤ በቀላሉ የሚተኑ፣ ጠንካራ ሽታ ያላቸው ውህዶች ድብልቅ ነው። አብዛኛው የሚወጣው አረቄ በሚወጣበት መንገድ ነው። እንፋሎቱ በቅጠሉ ወይም በአበባው መካከል ያልፋል፣ የሚተነውን ይዞ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝም ዘይቱ ከውሃው ይለያል። የብርቱካንና የመሰሎቹ ዘይት ግን በአብዛኛው ከልጣጩ ተጨምቆ ይገኛል።

የአወጣጡ ዘዴ ጠርሙሱ ውስጥ የሚገባውን ይወስናል። በዕጣን ሙጫ ውስጥ ብግነትን በመቀነስ አቅማቸው የሚጠኑ ቦስዌሊክ አሲዶች አሉ፤ ከባድ በመሆናቸው ግን ከእንፋሎቱ ጋር አይወጡም። ስለዚህ በሙጫው ላይ የተሠራ ጥናት ለዕጣን ዘይት ምስክር ሆኖ ሲቀርብ ገዢው ሊጠነቀቅ ይገባል።

በእነዚህ ዘይቶች የማከም ልማድ ጥንታዊ ቢሆንም፣ አሮማቴራፒ የሚለውን ስም ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1937 በዚሁ ርዕስ መጽሐፍ ያሳተመው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሬኔ ሞሪስ ጋትፎሴ ነው።

በአፍንጫ በኩል

የሰው አፍንጫ ወደ 400 የሚጠጉ የሽታ ተቀባይ ዓይነቶች አሉት። ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክስል የእነዚህን ተቀባዮች ዘረመሎች በ1991 ይፋ አድርገው በ2004 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የምናየውና የምንሰማው ነገር መልእክቱ አስቀድሞ ታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል ያልፋል። ሽታ ግን እዚያ ሳያልፍ ስሜትን ወደሚያስተናግደው አሚግዳላና ለትዝታ ወሳኝ ወደሆነው ሂፖካምፐስ አጎራባች ይደርሳል። ሽታ ስሙን ከማወቃችን በፊት ስሜታችንን የሚነካው ለዚህ ነው።

ታዲያ የሽታ ኃይል አንዱ ምንጭ የራሳችን ሕይወት ነው። ከቡና ጋር የሚጨስ ዕጣን የቤተሰብ ጨዋታን የሚያስታውሰው ሰው ልቡ ይረጋል፤ ያው ሽታ የሐዘን ቀንን የሚያስታውሰው ደግሞ ሊከፋው ይችላል። ምርምሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው። ክኒንን ከሐሰተኛ ክኒን ጋር አመሳስሎ ማነጻጸር ይቻላል፤ ሽታን ግን ከሚያሸተው ሰው መደበቅ አይቻልም። ተጠኚው ይረዳኛል ብሎ የሚጠብቀው ነገር ከውጤቱ ጋር ይቀላቀላል። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለው ድርጅት በ2020 ያወጣው ግምገማ አሮማቴራፒ የመርሳት በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ይረዳል የሚያሰኝ አሳማኝ ማስረጃ አላገኘም። በመዓዛ ዘና ማለት እውነተኛ ጥቅም ነው፤ በሽታን ማዳን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሌላ ማስረጃም ይጠይቃል።

በሆድ፣ በቆዳና በአፍ በኩል

ጠንከር ያለው ማስረጃ ያለው መጠኑ በሚለካበት አጠቃቀም ላይ ነው። በጀርመን 80 ሚሊ ግራም የላቬንደር ዘይት የያዘ እንክብል ለጭንቀት ስሜትና ለመረበሽ ይሰጣል። ሎራዜፓምና ፓሮክሴቲን ከተባሉት መድኃኒቶች ጋር በተነጻጸረባቸው ጥናቶች ጥሩ ውጤት አሳይቷል፤ ሆኖም አብዛኛውን ጥናት የደገፈው አምራቹ ራሱ መሆኑን ማወቅ ተገቢ ነው።

ፔፐርሚንት የተባለው የናና ዓይነት ዘይት የአንጀትን ጡንቻ ያፍታታል። ጨጓራን አልፎ አንጀት ውስጥ እንዲሟሟ በተሸፈነ እንክብል ሲወሰድ በአንጀት ቁጣ ለሚሠቃዩ ሰዎች ሕመሙን ያቃልላል፤ የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅም በ2021 መመሪያው ጠቅሶታል። ሜንቶል የተባለው ዋና ውህዱ ቅዝቃዜን የሚለይ የነርቭ ተቀባይን ያነቃቃል። በጉንፋን ጊዜ ሜንቶል ስናሸት አፍንጫችን የተከፈተ የሚመስለንም በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚያልፈው አየር ግን አልጨመረም።

ከአውስትራሊያ የሚመጣው የቲ ትሪ ዘይት በ5 በመቶ መጠን ተቀላቅሎ ብጉርን እንደሚቀንስ ታይቷል። ጥርሱን ላመመው ሰው ቅርንፉድ የሚሰጡት እናቶቻችንም ትክክል ነበሩ፦ በውስጡ ያለውን ዩጂኖል የጥርስ ሐኪሞች ዛሬም ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ቀላቅለው ለጊዜያዊ ሙሌት ይጠቀሙበታል።

በአገራችን

በደጋው የሚበቅለው ጦስኝ ታይሞልና ካርቫክሮል የተባሉ ተህዋስያንን የሚያጠቁ ውህዶች አሉት። ታይሞል በታወቁ የአፍ መጉመጥመጫዎች ውስጥም ይገኛል። ለምች የሚታሸው ዳማከሴ፣ ጠጅ ሳር፣ ኮሰረትና በሶብላም መዓዛማ ዘይት የሚገኝባቸው ናቸው። የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማና በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ ለዓመታት ሲሠራ ቆይቷል።

ዕጣንን በተመለከተ በ2008 የታተመ ጥናት ኢንሴንሶል አሴቴት የተባለው የሙጫው ውህድ የአይጦችን ፍርሃት እንደቀነሰ አሳይቷል። ተስፋ ሰጪ ነው፤ በሰው ላይ ግን ገና መረጋገጥ አለበት። ይበልጥ የሚያሳስበው የዛፉ ዕጣ ነው። በ2019 የወጣ ጥናት በአብዛኛው ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የሚገኘው የዕጣን ዛፍ ችግኞቹ ሳያድጉ በከብትና በእሳት፣ ትልልቆቹም ሙጫ ለማውጣት ከመጠን በላይ በመቁሰል እየጠፉ መሆናቸውን ገልጾ፣ ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ዛፉን ካልጠበቅን የምናጠናውም የምናጨሰውም አይኖርም።

ጉዳቱ

«ከተፈጥሮ የተገኘ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው አባባል አደገኛ ነው። የባህር ዛፍ ዘይት በትንሽ መጠን የዋጠ ሕፃን ሊንቀጠቀጥና ራሱን ሊስት ይችላል። ለጡንቻ ሕመም የሚቀባው የዊንተርግሪን ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ ከ20 የአስፕሪን ክኒን የማያንስ የመመረዝ አቅም አለው። ከልጣጩ የተጨመቀ የቤርጋሞት ዘይት ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ያቃጥላል። ያልተበረዘ ዘይት ቆዳን ያስቆጣል፤ አለርጂም ሊያመጣ ይችላል።

ሐሰተኛ ተስፋም ይጎዳል። ኢቦላ ምዕራብ አፍሪካን ሲያምስ በ2014 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዘይታቸው ቫይረሱን ይከላከላል ብለው ለሚያስተዋውቁ ሻጮች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፏል።

ስለዚህ ያለ ሐኪም ምክር ዘይት አይዋጥ። ለቆዳ ሲሆን ሁልጊዜ በቅባት ዘይት ይበረዝ። ጠርሙሱ ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚጥል ሕመምና አስም ያለባቸው፣ ሌላ መድኃኒት የሚወስዱም አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። መዓዛው ደስ ካሰኘን ደስ ይበለን፤ ለሕመም ስንገዛው ግን ሻጩ ከላይ ላነሣናቸው አራት ጥያቄዎች መልስ ከሌለው ገንዘባችንን ወደ ኪሳችን እንመልስ።