ሙቅ ውኃ በቧንቧ ውስጥ ስለሚያጣው ሙቀትና ስለ መከላከያው

በዛሬው ጊዜ በአዲስ አበባና በሌሎችም የደጋ ከተሞች በብዙ ቤት የውኃ ማሞቂያ፣ በተለምዶ ቦይለር የምንለው፣ ይገኛል። ቤቱ ሲሠራ ባለቤቱ ስለ ቦይለሩ ትልቅነትና ስለ ሻወሩ መልክ አብዝቶ ይመክራል፤ ውኃው ከቦይለሩ እስከ ሻወሩ ስለሚጓዝበት ቧንቧ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ሰው ነው። ሆኖም ገንዘብ የተከፈለበት ሙቀት ከሚባክንባቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው ቧንቧ ነው። ሙቅ ውኃን በራቁት ቧንቧ መላክ በወንፊት ውኃ ከመቅዳት ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ፣ ከወንፊቱ የሚፈሰው ውኃ ይታያል፣ ከቧንቧው የሚወጣው ሙቀት ግን አይታይም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ የማይታይ ፍሳሽ ምን ያህል እንደ ሆነና በምን እንደሚገታ በአጭሩ ማስረዳት ነው።

ሙቀት ምን ጊዜም ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል፤ መንገዱም ሦስት ነው። አንደኛው በመነካካት ነው፤ ይኸውም ከውኃው ወደ ብረቱ፣ ከብረቱም ወደ ነካው ግድግዳ የሚተላለፈው ነው። ሁለተኛው በአየር ዝውውር ነው፤ ቧንቧውን የነካው አየር ሲሞቅ ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል፣ በስፍራውም ቀዝቃዛ አየር ይተካል። ሦስተኛው በጨረር ነው፤ ከምድጃ ራቅ ብለን ስንቀመጥ ፊታችንን የሚሞቀን በዚህ መንገድ ነው። እናቶቻችን የዳቦ ሊጥ በጋቢ የሚሸፍኑት ይህንኑ ለማገድ ነው። ጋቢው በራሱ ሙቀት አይፈጥርም፤ በክሮቹ መካከል ያለውን አየር አስሮ ስለሚይዝና የታሰረ አየር ሙቀትን በቀላሉ ስለማያሳልፍ ብቻ ይጠቅማል። ለቧንቧ ልብስ የሚሆነው ስፖንጅ መሰል ጎማም ሆነ የመስታወት ሱፍ የሚሠራው በዚሁ በጋቢው ሕግ ነው።

አሁን ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። የግማሽ ኢንች የብረት ቧንቧ የውጭ ዲያሜትሩ 21 ሚሊሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ የአንድ ሜትር ቧንቧ የውጭ ገጽ 0.067 ካሬ ሜትር ይሆናል። ውኃው 60 ዲግሪ፣ የክፍሉ አየር 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ልዩነቱ 40 ዲግሪ ነው። ነፋስ በሌለበት ክፍል ከራቁት ገጽ በአየርና በጨረር የሚወጣውን ለአንድ ካሬ ሜትርና ለአንድ ዲግሪ ልዩነት 11 ዋት ያህል ብንወስደው፣ ከእያንዳንዱ ሜትር ቧንቧ 30 ዋት ገደማ ይወጣል። ያንኑ ቧንቧ 13 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ስፖንጅ ጎማ ብናለብሰው ስሌቱ ወደ 10 ዋት ይወርዳል፤ ከሚባክነው ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ ዳነ ማለት ነው። ውፍረቱን ወደ 26 ሚሊሜትር ብናሳድገው ግን 10 ዋቱ የሚወርደው ወደ 7 ዋት ብቻ ነው። እንግዲህ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው የመጀመሪያው ልብስ ነው።

በሆቴሎችና በአንዳንድ ትላልቅ ቤቶች ሙቅ ውኃው በፓምፕ እየተገፋ በቧንቧው ውስጥ ዘወትር ይዞራል፤ ይህም ቧንቧው እንደ ተከፈተ ሙቅ ውኃ ይገኝ ዘንድ ነው። ምቾቱ ግን ዋጋ አለው። መሄጃና መመለሻው በጠቅላላው 20 ሜትር ቢሆንና ራቁቱን ቢሆን፣ 600 ዋት ቀንና ሌሊት ይባክናል፤ ይህም በ24 ሰዓት 14.4 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በ80 ሊትር ቦይለር ሙሉ ያለን ውኃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 3.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ስለሚበቃ፣ አንድም ሰው ሳይታጠብ ወደ አራት ቦይለር የሚጠጋ ሙቀት በየቀኑ ጠፋ ማለት ነው። ቧንቧው ቢለብስ ይህ ወደ 4.8 ኪሎዋት ሰዓት ይወርዳል፤ ፓምፑም በሰዓት መቆጣጠሪያ ጠዋትና ማታ ብቻ እንዲሠራ ቢደረግ ከዚያም ያንሳል። ፓምፑ ራሱ ሲለብስ ጥንቃቄ ያሻል፤ መሸፈን ያለበት ውኃ የሚያልፍበት የብረት አካሉ ብቻ ነው። ሞተሩ ሙቀቱን ወደ አየር ማስወጣት ስላለበት፣ ከተሸፈነ ይቃጠላል።

ፓምፕ በሌለበት ተራ ቤት ጉዳቱ መልኩን ይለውጣል። አሥር ሜትር የግማሽ ኢንች ቧንቧ 2 ሊትር ያህል ውኃ ይይዛል። አንድ ሰው ታጥቦ ከወጣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ በስሌት፣ በራቁቱ ቧንቧ ውስጥ የቆመው ውኃ ወደ 36 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ በለበሰው ውስጥ ያለው ግን 49 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቆያል። ስለዚህ ቀጥሎ የሚታጠበው ሰው ውኃው እስኪሞቅ ብሎ 2 ሊትር አያፈስም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ልብስ ቅዝቃዜን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈት ቧንቧ ለበሰም አልለበሰም ይቀዘቅዛል። ለዚህ መድኃኒቱ ቦይለሩን ከመታጠቢያው አጠገብ ማድረግና ቧንቧውን ማሳጠር ነው።

ብዙ ሰው በግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ ከብርድ የተጠበቀ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። የሲሚንቶ ልስን ሙቀትን ከስፖንጅ ጎማ ሀያ እጥፍ ያህል አብልጦ ያስተላልፋል፤ በዚህም ላይ ቧንቧውን ከሁሉም ወገን ስለሚነካው ሙቀቱን ስቦ ወደ ሰፊው ግድግዳ ያዳርሰዋል። ዛሬ በብዛት የሚገጠመው የፕላስቲክ ቧንቧም ከብረቱ ጥቂት ቢሻልም ልብስን አይተካም።

ሥራውን ለሚጀምር ሰው አምስት ነገሮችን ማስታወስ ይበጃል። በመጀመሪያ፣ ከቦይለሩ የሚወጣው የመጀመሪያው አንድና ሁለት ሜትር ሁልጊዜ ስለሚሞቅ ቅድሚያ ይሰጠው። ሁለተኛ፣ በጣሪያ ላይ ካለ የፀሐይ ማሞቂያ የሚወርድ ቧንቧ ልብሱ ከዝናብና ከፀሐይ ይሸፈን፤ የረጠበ ልብስ በአየር ፋንታ ውኃ ስለሚይዝ ጥቅሙን ያጣል፣ ፀሐይም ጎማውን ታፈራርሰዋለች። ሦስተኛ፣ መጋጠሚያዎችና ክርኖች ራቁታቸውን አይቅሩ። አራተኛ፣ የቦይለሩ ሴፍቲ ቫልቭ ፈጽሞ አይሸፈን፣ አይደፈንም። አምስተኛ፣ ለቁጠባ ሲባል የቦይለሩ ሙቀት ከ60 ዲግሪ በታች አይውረድ፤ እ.ኤ.አ. በ1976 በፊላደልፊያ ከተነሣው የሳንባ በሽታ በኋላ የታወቀው ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ይራባልና።

ይህን ሁሉ በስሌት ብቻ መቀበል አያስፈልግም። ማታ ከቦይለሩ ጥቂት ውኃ ቀድቶ በቴርሞሜትር መለካት፣ ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ ማሳደር፣ ጠዋት ማንም ሳይጠቀምበት እንደገና መለካት ይቻላል። በ80 ሊትር ውኃ ላይ የታየ እያንዳንዱ የአንድ ዲግሪ መውረድ 0.09 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጠፋ ማለት ነው። ቧንቧው ከመልበሱ በፊትና ከለበሰ በኋላ ሁለቱን ሌሊቶች ማወዳደር ለማንኛውም የሳይንስ ተማሪ የሚሆን ጥናት ነው።

የቧንቧ ልብስ ከቦይለሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ጊዜ አለው። ግድግዳው አንዴ ከተለሰነ በኋላ ቧንቧውን ለማልበስ ግድግዳውን መቦርቦር ግድ ይሆናል። ስለዚህ ከመካከላችን ነገ የቤት ፕላን የሚነድፉት፣ ለሳሹ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የሙቅ ውኃው ቧንቧ መልበሱን በዐይናቸው ይመልከቱ።