ተረትና እውነታ፦ ፉትፕሪንትና የሰርኪዩት ቦርድ

ቡና እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ግድም እስኪወርድ መድረቅ አለበት፤ መጋዘን ከገባ በኋላም አየሩ እርጥብ ከሆነ መልሶ ይስባል። ስለዚህ ከጅማ እስከ አጋሮና ሊሙ ገነት የመጋዘንን ሙቀትና እርጥበት የሚመዘግብ መሣሪያ ጥሩ የተማሪ ፕሮጀክት ይሆናል። የመሣሪያው ሰርኪዩት ቦርድ ሲሠራ ግን ችግር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከፉትፕሪንት ነው፤ ማለትም ዕቃው ቦርዱ ላይ ከሚያርፍባቸው ፓዶችና ቀዳዳዎች።

የሚባለው፦ ላይብረሪ ውስጥ ካለ ትክክል ነው።
እውነታው፦ የቦርድ መንደፊያው ሶፍትዌር የኪካድ ላይብረሪ በወጣ ደንብ መሠረት ይዘጋጃል፤ ከየድረ ገጹ የሚወርደው ግን ይለያያል። ትክክለኛ ፉትፕሪንት እንኳ ለሌላ ዕቃ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ሶይክ የሚባሉት አይሲዎች የእግራቸው ርቀት 1.27 ሚሊ ሜትር ቢሆንም፣ የአካላቸው ስፋት 3.9 ወይም 7.5 ሚሊ ሜትር ነው። ዳኛው የአምራቹ ዳታሺት ነው፤ የልኬት ሥዕሉ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ገጾች ላይ ይገኛል።

የሚባለው፦ 0603 ያው 0603 ነው።
እውነታው፦ ይህ የጥቃቅን ሬዚስተሮችና ካፓሲተሮች የመጠን ኮድ በኢንች አጠራር 1.6 በ0.8 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በሜትሪክ አጠራር ግን 0.6 በ0.3 ነው። ኪካድ ሁለቱንም በስሙ ላይ ስለሚጽፍ ከ0603 አጠገብ 1608 መኖሩን ተመልከቱ።

የሚባለው፦ መልካቸው አንድ ከሆነ እግራቸውም አንድ ነው።
እውነታው፦ ብዙ ቦርድ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቢሲ547 እና 2ኤን3904 ሲታዩ አንድ ዓይነት ትራንዚስተሮች ናቸው። ጠፍጣፋ ፊታቸውን ወደ እናንተ፣ እግራቸውን ወደ ታች አድርጋችሁ ከግራ ስትቆጥሩ የመጀመሪያው ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ነው፤ የሁለተኛው ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር። ሬጉሌተርም እንዲሁ ነው፤ የ7805 የብረት ጀርባ ግራውንድ ሲሆን የኤኤምኤስ1117 ግን አውትፑት ነው። የኤኤምኤስ1117ን ጀርባ በ7805 ግምት ግራውንድ ላይ የበየደ አውትፑቱን ሾርት ያደርጋል። ሙቀትና እርጥበት የሚለኩት ባለ ሦስት እግር የዲኤችቲ22 ሞጁሎችም የእግር ቅደም ተከተላቸው እንደ ሠሪው ስለሚለያይ፣ ሞጁሉ ላይ የታተመውን ጽሑፍ አንብቡ።

የሚባለው፦ በፕሮቲየስ ሲሙሌሽን ከሠራና ዲአርሲ የሚባለውን የንድፍ ደንብ ፍተሻ ካለፈ ቦርዱ ይሠራል።
እውነታው፦ ሲሙሌሽን የሚያየው የኤሌክትሪክ ግንኙነቱን ነው፤ ዲአርሲ የመስመሮችን ስፋትና ርቀት ይቆጣጠራል። በእጃችሁ ያለውን ዕቃ መጠን ሁለቱም አያውቁም።

የሚባለው፦ ማረጋገጥ ውድ መሣሪያ ይፈልጋል።
እውነታው፦ አንድ ወረቀትና ማስመሪያ ይበቃል። ንድፉ ላይ የ10 ሴንቲ ሜትር መስመር ጨምሩና ፎቶ ኮፒ ቤት 100 በመቶ መጠን እንዲያትሙላችሁ ንገሩ፤ ከገጹ ጋር እንዲመጣጠን ከታተመ መጠኑ ሊለወጥ ይችላል። መስመሩን ለኩ፤ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ እያንዳንዱን ዕቃ በቦታው አስቀምጡ። እግሮቹ ፓዱ ላይ ማረፋቸውን እዩ፤ የፒን 1 ምልክትንና የፒኖቹን ትርጉምም ከዳታሺቱ ጋር አመሳክሩ። ወረቀቱ መጠንን እንጂ የፒን ትርጉምን ስለማያሳይ ይህ ሁለተኛው ሥራ አይዘለል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ዕቃውን በእጃችሁ ሳትይዙ፣ ዳታሺቱን ሳትከፍቱ ቦርድ አታሳትሙ።