አዲስ አበባ የሠራው ሶፍትዌር ቆቦ ላይ ለምን እምቢ ይላል?

የቆቦ ገበሬ ሽንኩርቱን ጆንያ ውስጥ ከቶ፣ አፉን ሰፍቶ መኪና ላይ ከጫነ በኋላ ጭነቱ ወልድያ ይውረድ ደሴ፣ መንገድ ላይ ተፈትቶ እንደገና አይታሸግም። ከተቀባዩ የሚጠበቀው ሚዛንና ማራገፊያ ቦታ ብቻ ነው። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ንግድ ግን እዚህ ደረጃ ላይ ብዙም አልደረሰም። አዲስ አበባ በሠሪው ኮምፒዩተር ላይ ያለ እንከን ሲሠራ የታየው ፕሮግራም ወረዳ ሲደርስ ገጹ አልከፈት ይላል። ሠሪው “እኔ ጋ ይሠራል” ይላል። ገዢው ግን ገንዘቡን ያወጣው እሱ ጋ እንዲሠራለት ነው።

ችግሩ በተለይ የሚታየው ዌብ አፕሊኬሽን በሚባሉት ላይ ነው። እነዚህ በየጠረጴዛው ኮምፒዩተር ላይ አይጫኑም፤ አንድ ሰርቨር ላይ ተቀምጠው ሠራተኛው በብራውዘር የሚከፍታቸው ናቸው። በሰርቨሩና በፕሮግራሙ መካከል ደግሞ እንደ በር ጠባቂ ሆኖ ጥያቄ የሚቀበል ዌብ ሰርቨር አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው አፓቺ፣ በ2004 የወጣው ኤንጂንኤክስ እና የማይክሮሶፍቱ አይአይኤስ በስፋት የሚታወቁት ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው የሚታዘዙበት የየራሳቸው ደንብ አላቸው። አፓቺ ፕሮግራሙ በተቀመጠበት ፎልደር ውስጥ ኤችቲአክሰስ የሚባል ፋይል ካገኘና አስተዳዳሪው ከፈቀደ በዚያ ይመራል። ኤንጂንኤክስ ይህንኑ ፋይል ጨርሶ አያነብም። የመግቢያ ክልከላውን በዚህ ፋይል ብቻ የጻፈ ሠሪ ፕሮግራሙ ወደ ኤንጂንኤክስ ሲዛወር፣ ተቆልፏል ያለው ፎልደር ለሁሉም ተከፍቶ ሊያገኘው ይችላል። ይህ ከገጽ አለመከፈት የባሰ ነው፤ ማንም ሳያውቀው ይቆያልና። ሌሎቹ እንቅፋቶች ጥቃቅን ናቸው። ዊንዶውስ በትልቅና በትንሽ የላቲን ፊደል የተጻፈን የፋይል ስም አንድ አድርጎ ይቆጥራል፤ ሊኑክስ ግን ሁለት ፋይል ነው ይላል።

በአገር ውስጥ ይህን ፈተና በሰፊው ካዩት ሥራዎች አንዱ የጤና ሚኒስቴር የመረጃ ሥርዓት ነው። ሚኒስቴሩ ከ2010 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ያስፋፋው ዲኤችአይኤስ 2 መነሻው ከአፓርታይድ ውድቀት በኋላ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተጀመረ ሥራ ነው። ፕሮግራሙ የሚበለጽገው በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በሚገኝ ማዕከል ሲሆን የሚታደለውም በነፃ ነው። ኢንተርኔት በማያስተማምንባቸው ጤና ተቋማት እዚያው ባለ ኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ መረጃው በኋላ ወደ ማዕከል እንዲላክ ተደርጓል። ይህም ማለት አንዱ ፕሮግራም በዕድሜም በዓይነትም በሚለያዩ ኮምፒዩተሮች ላይ መነሣት ነበረበት ማለት ነው።

አስተሻሸጉ ግን ደህና ነው። ፕሮግራሙ ዋር በሚባል አንድ ፋይል ታሽጎ ይመጣና ቶምካት በሚባለው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። የዳታቤዙ ስምና የይለፍ ቃሉ እሽጉ ውስጥ አይገቡም፤ ውጭ ባለ አንዲት ትንሽ ፋይል ይጻፋሉ። ስለዚህ ወልድያ የገባውም ሆነ ቆቦ የገባው እሽግ አንድ ነው፤ የሚለየው ያቺ ትንሽ ፋይል ናት። አንድ ነገር ግን ብዙዎች ይዘነጋሉ። ሥርዓቱ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር እንዲሠራ የሚያደርገው ምርጫ የሚቀመጠው ዳታቤዙ ውስጥ ነው። ባዶ ዳታቤዝ ይዞ የተነሣ አዲስ ሰርቨር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይጀምራል፤ ጳጉሜንም የለችም።

ይህ ልዩነት በራያ ቆላ የወረቀት ላይ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቆቦ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. እንደገናም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተይዛ ነበር። በሰሜን ወሎ በርካታ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል። ኮምፒዩተር ሲወሰድ ሥራው ሁሉ “በዚያ ኮምፒዩተር ላይ የተጫነው” ከሆነ አብሮ ይሄዳል። እሽጉ፣ የማስተካከያ ፋይሉና የዳታቤዙ ቅጂ ለየብቻ ሌላ ቦታ ከተቀመጡ ግን አዲስ ማሽን በተገኘ ዕለት ሥራው ይቀጥላል። ከሦስቱ እሽጉ እንደገና ይወርዳል፣ ማስተካከያውም እንደገና ይጻፋል። የዳታቤዙን ቅጂ ግን ገንዘብም አይመልሰውም።

በ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ ደግሞ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። በዚህን ጊዜ የታየው የሌላ ዓይነት አስተሻሸግ ድክመት ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ሲጫኑ የሚያስፈልጓቸውን ክፍሎች ከውጭ አገር ሰርቨር እየጎተቱ ነው የሚሟሉት። እነዚህ እሽግ ሳይሆኑ የዕቃ ዝርዝር ናቸው ቢባል ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዶከር ፕሮግራሙን ከነዌብ ሰርቨሩና ከነአጋዥ ክፍሎቹ ጠቅልሎ ስለሚይዝ በፍላሽ ዲስክ ወስዶ መጫን ይቻላል። ክብደቱ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል፤ አሮጌ ማሽንም አይችለውም።

ወደ ሂሳቡ ስንመጣ፣ ቶምካትም ሊኑክስም በነፃ ስለሚገኙ ወጪው የፈቃድ ሳይሆን የሰው ጉልበትና የጉዞ ነው። ከወልድያ ቆቦ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ግን ከ550 ይበልጣል። ለምሳሌ 20 ቦታ የሚገባ ፕሮግራም በየቦታው የሁለት ቀን ማስተካከል ቢፈልግ 40 የባለሙያ ቀን ይበላል፤ እርማት በወጣ ቁጥርም ይኸው ይደገማል። በጨረታ ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠው ድርጅት ውድ ሆኖ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ገዢው ከመክፈሉ በፊት ቀላል ፈተና አለው። ፕሮግራሙን የሠራው ሳይሆን ሌላ ሰው፣ ባዶ ኮምፒዩተር ላይ፣ የኔትወርክ ገመዱ ተነቅሎ፣ የተጻፈውን መመሪያ ብቻ እያነበበ ይጫነው።

በውሉ ላይ የሚጻፈው የእትም ቁጥርም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኦራክል የጃቫን የድርጅት ሥራ ክፍል ለኤክሊፕስ ፋውንዴሽን ሲያስረክብ “ጃቫ” የሚለውን የንግድ ስም አልለቀቀም። በዚህም የተነሣ በፕሮግራሞቹ ውስጥ ያሉ መጠሪያዎች “ጃካርታ” ወደሚል እንዲለወጡ ግድ ሆነ። ለቶምካት 9 የታሸገ ዋር ካልተቀየረ በስተቀር በቶምካት 10 ላይ አይሠራም። ውሉ ላይ “ቶምካት” ብቻ ከተባለ ወረዳ ያለው ባለሙያ አዲሱን መርጦ ይጭናል፤ ፕሮግራሙም አይነሣም።