ሚሞሪውን የጨረሰው «ጃቫ» ማነው?

አንድ ድርጅት ሰርቨሩ ሲዘገይበት ቶሎ የሚታየው መፍትሔ ሌላ መግዛት ነው፡፡ ሰርቨር በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ዕቃ በመሆኑ ግን ውሳኔው ቀላል አይደለም፡፡ ለግዢው ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበውም ብዙውን ጊዜ ከክትትል ፕሮግራም የወጣ ግራፍ ነው፡፡

በሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ በነጻ ከሚገኙት የክትትል መሣሪያዎች አንዱ፣ ፕሮሜቲየስ ለተባለው ሥርዓት መረጃ የሚያቀብለው ፕሮሰስ ኤክስፖርተር ነው፡፡ በሥራ ላይ ያሉትን ፕሮሰሶች በቡድን እየመደበ እያንዳንዱ ቡድን የወሰደውን ፕሮሰሰርና ሚሞሪ ይደምራል፡፡ ምደባው የሚካሄደው በፕሮሰሱ ስም፣ በፕሮግራሙ ፋይል ወይም በሙሉው የትእዛዝ መስመር ነው፡፡

ስሕተት የሚገባው እዚህ ላይ ነው፡፡ አንድ ፕሮሰስ ከአንድ ቡድን በላይ አይገባም፤ ከሚስማሙት ደንቦች መካከል ቀድሞ የተጻፈው ይወስደዋል፡፡ ለምሳሌ የሒሳብና የሽያጭ ፕሮግራሞች ሁለቱም በጃቫ የሚሠሩ ከሆነ የፕሮሰሶቻቸው ስም «ጃቫ» ሊሆን ይችላል፡፡ «ጃቫ» የሚለው ደንብ ከላይ ከተጻፈ፣ ከሥሩ «ሒሳብ» ተብሎ የተዘጋጀው ቡድን ባዶ ይቀራል፡፡ ሥራ አስኪያጁም ሚሞሪውን የጨረሰው የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ የግዢ ትእዛዝ ይፈርማል፡፡ መፍትሔው የየፕሮግራሙን መለያ ከትእዛዝ መስመሩ ላይ የሚፈልጉ ደንቦችን ማስቀደምና ጠቅላላውን ደንብ ወደ ታች ማውረድ ነው፡፡

ሁለተኛው ወጥመድ የስም ርዝመት ነው፡፡ ሊኑክስ ለፕሮሰስ ስም የሚይዘው 15 ምልክት ብቻ ነው፡፡ ሲስተምዲ-ጆርናልዲ የተባለው የመዝገብ ፕሮግራም በላቲን ፊደል ሰረዙን ጨምሮ 16 ምልክት ስላለው የመጨረሻዋ ፊደል ትቆረጣለች፡፡ በስም ደንብ ላይ ሙሉ ስሙን የጻፈ ባለሙያ ምንም አያገኝም፡፡

ሦስተኛ፣ ከየትኛውም ደንብ ጋር ያልገጠመ፣ የወለደው ፕሮሰስም ያልተመደበለት ፕሮሰስ ከነአካቴው አይቆጠርም፡፡ ስለዚህ በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ የተረፈውን ሁሉ የሚሰበስብ ደንብ ማስገባት ይጠቅማል፡፡

ያልተገላበጠ ያራል እንዲሉ፣ የሰርቨር ግዢ ጥያቄ ሲቀርብልዎ ግራፉን ብቻ ሳይሆን ምደባው የተጻፈበትን ፋይል ጭምር ያስቀርቡ፡፡ ሁለት መስመር ማዘዋወር ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሰርቨር ግን ይጠይቃል፡፡