ትኩሳት ላይኖረው የሚችለው የአንጎል ኢንፌክሽን

አንድ ሰው የልጆቹን ስም ማምታታት ሲጀምር፣ የለመደው የገበያ መንገድ ሲጠፋበት ወይም ያለ ባሕርይው ሲቆጣ ቤተሰብ ጭንቀት ወይም የመንፈስ ችግር ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ላቋረጠ፣ የካንሰር ሕክምና ለሚከታተል ወይም ፕሪድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ ለሚወስድ ሰው ግን ይህ ለውጥ ቫይረስ አንጎሉን ማጥቃቱን ሊያመለክት ይችላል።

ምርመራውን የሚያከብደው ራሱ የሰውነት መዳከም ነው። ትኩሳትም ሆነ በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ውስጥ የነጭ የደም ሴሎች መብዛት ሰውነት ለቫይረሱ የሚሰጠው ምላሽ ነው። የመከላከል አቅሙ ሲደክም ምላሹም ይደበዝዛል። በመሆኑም ፈሳሹ ንጹሕ መስሎ መታየቱ ብቻውን ታካሚውን ከበሽታው ነጻ አያሰኝም።

ከሻንቶ ወደ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ በቀድሞ መጠሪያው ኦቶና፣ የሚላክ እንዲህ ያለ ታካሚ ሲመጣ ሐኪሙ ቫይረስን ብቻ አያስብም። ወባ፣ የደም ስኳር ማነስ፣ የቲቢ ማጅራት ገትር፣ ክሪፕቶኮከስና ቶክሶፕላዝማ ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳዩ አብረው ይፈተሻሉ።

ብዙ ቤተሰብ የሚፈራው ከጀርባ ፈሳሽ መውሰድን ነው፤ "ሽባ ያደርጋል" የሚባለው ስጋትም ሕክምናን ሲያዘገይ ይታያል። ነገር ግን በአዋቂ ሰው ኅብለ ሰረሰር የሚያበቃው በወገብ የመጀመሪያና ሁለተኛ አጥንቶች አካባቢ ሲሆን፣ መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች ነው። አንጎል ውስጥ እብጠት ወይም ዕጢ ከተጠረጠረ ደግሞ አስቀድሞ የሲቲ ስካን ምርመራ ይደረጋል።

በፈሳሹ ውስጥ የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልገው ፒሲአር የተሰኘው ምርመራ ነው። ይህም ቢሆን ያሳስታል። ኸርፐስ ሲምፕሌክስ ባስከተለው የአንጎል ብግነት፣ ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ውጤቱ "የለም" ሊል ስለሚችል፣ ጥርጣሬው ከጸና ከ3 እስከ 7 ቀናት ባለው ጊዜ ይደገማል። ካልታከመ ከ10 ሕሙማን 7 ያህሉን የሚገድል በሽታ በመሆኑ፣ አሲክሎቪር በደም ሥር መሰጠት የሚጀመረው ውጤት ሳይጠበቅ ነው። ጄሲ የተባለው ቫይረስ ግን ለዚህ መድኃኒት አይበገርም፤ ኤች አይ ቪ ላለበት ታካሚ ዋናው ተስፋ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምናውን ጀምሮ ወይም አስተካክሎ የመከላከል አቅሙን መመለስ ነው።

ታካሚውን ይዘው የሚሄዱ ቤተሰቦች የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው፣ የመጨረሻውን የሲዲ ፎርና የቫይረስ መጠን ውጤት እንዲሁም የባሕርይ ለውጡ የታየበትን የመጀመሪያ ቀን ይዘው መቅረብ ይኖርባቸዋል።